ወደ ምሥራቅ ያስከፈትኩት መስኮት

አዲሱን መስኮት ከፍቼ ወደ ታች ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት ትራስ ነው። ቢጫ አበባ ያለበት ትራስ። ጨርቁን የሰፋሁት እኔው ስለሆንኩ ከፎቅ ላይ ሆኜም አልጠፋኝም። የጎረቤቴ የሉጥፊያ ትራስ ነው። ያለው አልጋዋ ላይ ነው፤ አልጋዋ ደግሞ በግቢዋ መሀል፣ ልክ ከእግሬ ሥር። አጠገቡ የልጇ የአብራር አልጋ ወጥቷል። አብራር ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ጠጉሯን በፎጣ ታደርቃለች።

መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት።

«እማዬ፣ ለምን ዘጋሽው? ነፋሱ ደስ ሲል» አለች ልጄ ቤቲ ከኋላዬ። የወጣነው መጋረጃ ልንለካ ነበር፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ሠርጓ በግንቦት መጨረሻ ነው። ይህ ክፍል የተሠራው ለእሷና ለእጮኛዋ ለጥዑመልሳን ነው።

«ነይ ውረጂ» አልኳት።

«ሳንለካ?»

«ውረጂ አልኩሽ።»

እዚህ ካርቱም በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው ውሃ ይረጫል፣ አልጋ ይወጣል፣ ሴቶቹም ቀኑን ሙሉ የተጠቀለሉበትን ቶብ አውልቀው ሰማይ ሥር ይጋደማሉ። ግቢው ለሉጥፊያና ለልጇ እልፍኝ ማለት ነው፤ የጎደለው ጣሪያ ብቻ ነው። እኔ እዚያ እልፍኝ ላይ መስኮት አስከፈትኩ።

ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ እኔም ራሴ በሙቀት የምተኛው ግቢ ነው። ግን ግድግዳው ሲሠራ የሉጥፊያ ግቢ ባዶ ነበር። የዚያን ዓመት የእኛ ጾምና የእነሱ ረመዳን ገጥመው ነበር። እነሱ ረመዳንን ከዘመዶቻቸው ጋር ሊያሳልፉ ወደ ጀዚራ ክፍለ ሀገር ሄደው፣ ዒዱንም እዚያው ውለው ነው የተመለሱት። ያን ሰሞን ከላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው የሚያየው የተደራረበ አልጋና አቧራ ብቻ ነበር። ባዶ ግቢ ሲያዩት ሰው የሚኖርበት አይመስልም።

ግንበኛው ውብሸት ይባላል፤ ከጎጃም ከመጣ ዓመት አልሞላውም። የያዝነው የአገራችን ልጅ ስለሆነና ክፍያውን ቀስ እያልን ብንሰጠው እሺ ስላለን ነው። «መስኮቱን በየት በኩል ላድርገው እትዬ?» ሲለኝ ንግግሩን እንኳ አላስጨረስኩትም።

«በምሥራቅ» አልኩ።

የታችኛው ቤታችን በምሥራቅ በኩል ድፍን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስጸልይ የቆምኩት ወደ ቁም ሣጥን ነው። ልጄ ግን ሥዕሉ በሚሰቀልበት በኩል የጠዋት ብርሃን እንዲገባላት ተመኘሁ። ውብሸትም «ደግ አሰብሽ እትዬ፣ የቤት ዓይኑ ምሥራቅ ነው» አለኝ። ሱዳናዊ ግንበኛ ቢሆን ኖሮ መዶሻውን አስቀምጦ «ከማዶ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እኛ ሁለታችን ስለ ምሥራቅ ስንስማማ ማዶውን ረሳነው። በእኛ ቤት ምሥራቅ ማለት ሉጥፊያ ናት።

የፈራሁት ሌላ ነበር። ፎቅ እንጨምር ከተባለበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ቤቲ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች እዚያው ታድራለች፤ ወደ እኛ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ካገባች በኋላ ማታ ማታ ወደ ቤቷ እንድትገባ ከአሠሪዎቿ ጋር ተነጋግራለች። ግን ወደ የትኛው ቤት? ኪራይ በየወሩ ይጨምራል፤ ጥዑመልሳን ጋራዥ ሠርቶ የሚያገኘው ለአንድ ክፍል አይበቃም። «እላያችን ላይ እንሥራላቸው» ያለው ባሌ በየነ ነው። እኔም ልጄ ሩቅ ከምትሆን አናቴ ላይ ብትራመድ ይሻለኛል ብዬ እሺ አልኩ።

ውብሸት የድሮውን ግድግዳ በምስማር ጫር ሲያደርገው ማያያዣው እንደ ዱቄት ረገፈ። «ይሄ ግድግዳ ራሱን ነው የቻለ እትዬ። ፎቅ ጫኑብኝ አላለም» አለ። ስለዚህ በአራቱም ማዕዘን ወለሉ ተቆፈረና የአርማታ ቋሚ ከሥር ተነሣ። ለላይኛው ቤት ያዘጋጀነው ገንዘብ መሬት ውስጥ ገብቶ አለቀ። ፌሮ ልንገዛ ሳጃና ገበያ በሄድን ቁጥር ጠዋት የተነገረን ዋጋ ከሰዓት አይገኝም። ሰልፍ በተጠራ ቀን ድልድዩ በኮንቴይነር ተዘግቶ ሲሚንቶ የጫነው መኪና ከማዶ ቀረ፤ ሾፌሩ በማግስቱ ሲመጣ የሁለት ቀን ክፈሉኝ አለ። የእጄ አምባር ሶሌታ ሆነ። ቤቲ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ደረጃ ሆነ። በየነ ይህን እየሳቀ ነው የሚናገረው። «ሴትዮ፣ እንደ አንቺ ከወርቅ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ማን አለ?» ይለኛል።

እኔ ሶሌታው ሲሞላ ጣውላው ተሰብሮ ሰው ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ውብሸት ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። ፖሊስ መጥቶ የሠራተኞቹን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ይጠይቃል፣ የሌለውን ይወስዳል ብዬ ፈራሁ። ቋሚው ሳይደርቅ ግድግዳው ይናዳል ብዬ አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱም አልሆነም። የመጣብኝ ትራስ ነው።

ነገሩ የመስኮት ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልደነገጥኩ። ቤታችን በስማችን አይደለም። መሬቱን ስንገዛ በውጭ ሰው ስም አይጻፍም ተባልን። በየነ ያኔ ከሉጥፊያ ባል ከሐጅ ኢሳ ጋር አንድ ቦታ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበርና ሐጅ «በእኔ ስም ይጻፍ፤ አማና ነው» አለ። አማና ማለት አደራ ነው። በመካከላችን ከዚህ ቃል ሌላ ምንም የለም። የፎቁንም ፈቃድ ራሱ ተሰልፎ በስሙ አወጣልን። «ሥሩ፣ ቤታችሁ ነው» ብሎን ነው ወደ ጀዚራ የሄደው። እኔ ታዲያ ቤቴ በስሙ በተጻፈው ሰው ሚስትና ልጅ መኝታ ላይ መስኮት አስከፈትኩ።

ማታ ለበየነ ነገርኩት። ራት እየበላ ነበር።

«መጋረጃ ስቀሉበት» አለ።

«መጋረጃ ነፋስ ይገልጠዋል።»

«እንግዲያው አትክፈቱት።»

«በዚህ ሙቀት? ልጆቹ ይቀቀሉ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ስንቄ? እስካሁን ማን ምን አለ? ሰዎቹ ዝም ብለዋል፣ የምትጮኺው አንቺ ነሽ።»

«ዝም ማለታቸው ነው የሚያስፈራኝ።»

«ቢናገሩም ትፈሪ ነበር።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነው ነፋጁ የተቆለፈው። ነፋጅ የሚሏት በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው ግንብ ላይ ያለችውን ትንሽ የቆርቆሮ በር ነው። ሴቶች መንገድ ሳይወጡ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፉባት ናት። ሉጥፊያ ሽንኩርት ሲያልቅባት፣ እኔ ቤቲ በትኩሳት ስትቃጠልብኝ፣ የሮጥነው በእሷ ነው። መቀርቀሪያ አላት፣ በእነሱ በኩል፤ ግን ሲዘጋ ሰምቼው ስለማላውቅ ዝጎ የቀረ ነበር የሚመስለኝ። ዝጓልም። ብረቱ እየተንፋቀቀ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተንፋቀቀ በግድ ገባ።

በየነ ማላመጡን አቆመ።

«አሁንስ? ምን አሉ?» አልኩት።

በማግስቱ ማታ የውሃ ርጭት አልሰማሁም፤ አልጋ ሲጎተትም አልሰማሁም። መብራት ጠፍቶ ነበር። እኛ ግቢያችን ውስጥ ሽው የሚለውን ነፋስ ስንቀበል እነሱ ግድግዳ መሀል ተዘግተው አደሩ። አብራር ቤት ውስጥ ሆና «ታፈንኩ» እያለች ስትነጫነጭ፣ እናቷም ዝም በይ ስትላት ግንቡን አልፎ ይሰማኝ ነበር። መስኮታችን ዝግ ነው፤ ከላይም ማንም የለም። ግን ይህን እነሱ በምን ይወቁ? እኔም ግንብ ዘልዬ «ማንም የለም፣ ውጡና ተኙ» አልላቸውም። ገላጋይ የሌለው ነገር ነው።

ውብሸት ቀለም ሊቀባ ሲመጣ ደረጃው ላይ ያዝኩት።

«ውቤ፣ ያንን መስኮት እንድፈነው።»

«ምን በደለሽ እትዬ? መስኮት የሌለው ቤት ጎተራ ነው።»

«ማዶ ሰው አለ።»

«ሰው የሌለበት ማዶ የት ይገኛል? ደግሞስ ቤቱ በሕግ የሐጁ ነው ብላችሁኛል። ሐጁ በራሱ መስኮት የራሱን ግቢ ቢያይ ማን ይከሰዋል?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «በሌላ በኩልስ ማውጣት አይቻልም?»

«ምዕራቡ ደረጃው ነው። በሰሜን የውኃ ታንከሩ አለ። ደቡቡን መስበር ይቻላል፤ ግን ከላይ አርማታ አልታሰረለትም። ፌሮ ይፈልጋል፣ ሲሚንቶ ይፈልጋል።»

ሲሚንቶ የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ሳላዘው ወደ ባዶው ክንዴ ሄደ።

ዓርብ ቤቲ መጣች። ለእሷ መንገር ከሁሉም ከበደኝ። ልጄ እዚህ ነው ያደገችው፤ ሲከፋት አማርኛዋ ያጥራል። ሁሉንም ሰማችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ሪያድ የማድርበት ክፍል መስኮት የለውም» አለች። «ማድ ቤቱ ኋላ ነው። የጋዝ ዕቃ ነበረበት፣ ለእኔ አወጡት። ነግሬሽ አላውቅም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ስለምትጨነቂ ነው። ይሄኛው መስኮት እንዲኖረው ፈለግኩ። ሌላ ነገር ጠይቄያለሁ? ኻላስ፣ ከደፈናችሁት እዚያው ልደር። እዚያስ ቢያንስ ማራገቢያ አለ።»

እንግዲህ እኔ የት ልግባ? መስኮቱን ከተውኩት ጎረቤቴንና ምናልባትም ቤቴን አጣለሁ። ከደፈንኩት ፎቁን ሁሉ ያሠራሁላት ልጅ ሰው ቤት ትቀራለች። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የከሰከስነው ሁሉ ለአንድ ቀዳዳ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ልብሴን ቀይሬ በመንገድ በኩል ዞርኩና የሉጥፊያን በር አንኳኳሁ። ያን በር አንኳክቼ አላውቅም ነበር። አብራር ጠጉሯን ሸፍና ከፈተችልኝ። «ተፈደሊ ያ ኻልቲ»፣ ግቢ አክስቴ፣ ብላ ወደ ሳሎን መራችኝ። እኔ እዚያ ቤት የምቀመጠው ማድ ቤት ውስጥ፣ ትንሹ በርጩማ ላይ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የተቀመጥኩት ለለቅሶና ለዒድ ብቻ ነው።

ሉጥፊያ ቶቧን አስተካክላ ለብሳ መጣች። ቀዝቃዛ ውኃ በትሪ ቀረበልኝ፤ ቀጥሎ ጭማቂ፣ ቀጥሎ ከዒድ የተረፈ ብስኩት። ለእንግዳ የሚደረገውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አደረገችልኝ።

«ጀዚራ እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሐጅስ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ሠርጉ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«መብሩክ» አለችና ብስኩቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«ሉጥፊያ፣ ስለ መስኮቱ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ቤታችሁ ነው ኡም ቤቲ» አለች፤ የቤቲ እናት ማለቷ ነው። «እኛ ምንም አላልንም።»

እዚህ ላይ «ልደፍነው ነው፣ ሳናይ ነው የሠራነው፣ ይቅር በይኝ» ማለት ነበረብኝ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ ነበር። ግን የፈሪ አፍ ከሐሳቡ ቀድሞ የሚፈራው ላይ ይዘላል።

«ሐጅ ቤቱን ሊወስድብን ነው?» አልኳት።

ሉጥፊያ የያዘችውን ብርጭቆ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?»

«ወረቀቱ በእሱ ስም ነው። ከተቀየመን…»

«ስንት ዓመት ነው ይህን ስታስቢ የኖርሽው?»

«ሁልጊዜ አይደለም።»

«አብራርን ስወልድ እጄን ይዘሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ። ያን ቀንም ታስቢው ነበር?»

አስቤው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ምናልባት አስቤዋለሁ። እኔ ሰው ደስ ባለው ቀንም የሚያስብ ሰው ነኝ።

«መስኮቱ አናዶኛል» አለች። «ወላሂ አናዶኛል። ኢሳን ሂድና ንገራቸው ስለው ‘ራሳቸው ያዩታል፣ እኔ በዚህ ነገር አልናገርም’ አለኝ። አፍሮ ነው። ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ መኝታ ከበየነ ጋር ምን ብሎ ያውራ? ተቀምጦ እናንተ እስክታዩት ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ ቤቱ መጥተሽ ሌባ አደረግሽው።»

«እኔ ሌባ አላልኩም።»

«በአማርኛ ሌላ ስም አለው?»

ጭማቂው እንዳለ ቀረ። አብራር በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ እናቷ አልተነሣችም።

ቤት ስገባ ቤቲና ጥዑመልሳን ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ማንንም አላማከርኩም። ላይ ቀለም የሚቀባውን ውብሸትን ጠራሁና «ጡብ አውጣ፣ አሁን» አልኩት። ቤቲ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ወጣች፣ ወለሉ ላይም ተቀመጠች። ጥዑመልሳን የሲሚንቶ ባልዲ ተሸክሞ ከኋላዬ ወጣ። ጭምት ልጅ ነው። ብቻ ባልዲውን ሲያስቀምጥ «እማማ፣ ሙሉውን?» አለኝ።

«ሙሉውን።»

ውብሸት የመስኮቱን ብረት ነቅሎ ሁለተኛውን መደዳ ጡብ ሲደረድር ደረጃው ላይ የሚያለከልክ ሰው ሰማን። ሉጥፊያ ናት። በመንገድ በኩል ዞራ፣ በየነ በር ከፍቶላት ነው የመጣችው። ግድግዳውን ተደግፋ እስትንፋሷ እስኪመለስ ቆየች።

«መዶሻ ሰማሁ። ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየደፈንኩት ነው» አልኩ።

«ድፍን?»

«ድፍን።»

«ልጅቷን ምድጃ ውስጥ ልትድሪያት ነው?» አለች። ይህን ያለችው ቤቲን እያየች እንጂ እኔን እያየች አይደለም። ከዚያ ጡቡን ተሻግራ በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከተች። የራሷን ግቢ ከላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ሱብሐነላህ፣ እንዲህ ጠባብ ናት?» አለች። «ያ ማድ ቤቴ ጣሪያ ላይ ያለው የእኔ ሳፋ ነው? ረመዳን ሊገባ ሲል የጠፋኝ? የጎረቤት ልጆች ናቸው ብዬ ስንቱን ሰደብኩ።»

ቤቲ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ሉጥፊያም ሳቀች። ከዚያ ዘወር ብላ ጥዑመልሳንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ረጅም ነው፤ በየነ «አምፖል ያለ መሰላል የሚቀይር አማች አገኘሁ» የሚለው ለዚህ ነው።

«ና እዚህ ቁም፣ ያ ዓሪስ፣ አንተ ሙሽራ። መስኮቱ አጠገብ። ጀርባህን ወደ ግድግዳው። ቀጥ በል፣ አንገትህን አትስበርብኝ።»

ጥዑመልሳን እንደ ተማሪ ቆመ። ሉጥፊያ ውብሸትን በእጇ ጠቆመችው። ውብሸት እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በሙሽራው አናት ልክ ግድግዳው ላይ አሰመረ።

«አንድ ስንዝር ጨምር» አለች።

«ለምን?» አለች ቤቲ።

«ጫማ አያደርግም?»

ውብሸት በአማርኛ «አልጋ ላይ ቢቆምስ በያት» አለ። ቤቲ እየሳቀች ተረጎመችላት።

«ባሏ አልጋ ላይ ቆሞ ሰው ግቢ የሚያይ ከሆነ ችግሩ የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው» አለች ሉጥፊያ። ጥዑመልሳን እስከ ጆሮው ቀላ። ውብሸት ባልዲውን ይዞ ሳቁን ደበቀ።

ጡቡ እስከ መስመሩ ድረስ ወጣ። ከላይ ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ፣ ሰው ግን የማያይበት ጠባብ ክፍተት ቀረ። ቤቲ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሞከረችው።

«ሰማይ ይታያል» አለች።

«ይበቃሻል?» አልኳት።

«ነፋሱም ይገባል። ይበቃኛል።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «የሪያዱን ጓዜን በሚመጣው ዓርብ አመጣለሁ» አለች።

ይህን ስትል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ግን ሉጥፊያ ከቤቲ ጋር ስትስቅ፣ ጥዑመልሳንን ስታዝ፣ ውብሸትን ስትቆጣ፣ ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ዓይን ለዓይን አልተያየችም።

ስትወርድ ደረጃው ከፍ ይላልና እጇን ያዝኳት። አልነጠቀችኝም፤ አልጨበጠችኝምም። ግቢ ስንደርስ ወደ መንገዱ በር አልሄደችም፤ ወደ ነፋጁ ሄደችና «አብራር፣ ክፈቺልኝ» ብላ ተጣራች። አብራር ከወዲያ ከዝገቱ ጋር ስትታገል፣ «አልሄድ አለኝ፣ ዩማ» ስትል፣ እናቷ «በድንጋይ ምቺው» ስትላት፣ እኛ ሁለታችን ግንቡን እያየን ቆምን። ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

«ሉጥፊያ» አልኳት፣ «ያልኩት ነገር…»

«ለኢሳ አልነገርኩትም» አለች። «አልነግረውምም። ቢሰማ ነገ ጠዋት ቤቱን በማን ስም ላዙርላችሁ ብሎ ሲንከራተት ይውላል። በማን ስም ይዞራል? የሚዞርበት ስም የለም። ሽማግሌ ነው፣ ይታመምብኛል።»

በሯ ተከፈተች። ሉጥፊያ ደፉን ተሻገረችና ዞር አለች።

«ቀን ቀን ክፍት ናት። ማታ ግን ኢሳ ይቆልፋታል። ቤታችሁ አዲስ ወንድ ሊገባ ነው፤ እኔም የደረሰች ልጅ አለችኝ።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

ልክም ናት፤ ማንም እናት ይህንኑ ታደርጋለች። ግን ምክንያቱ ጥዑመልሳን ይሁን እኔ ሳሎኗ ውስጥ የተናገርኩት ቃል፣ ያን ቀን አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም። ብጠይቃትም አትነግረኝም፤ ብትነግረኝም እኔ አላምንም። ሰው በእኔ ዓይነት ተፈጥሮ ከተፈጠረ መልስ አይጠቅመውም።

ያን ማታ ከግንቡ ወዲያ ውሃ ሲረጭ ሰማሁ፤ የረጠበ አፈር ሸተተኝ። አልጋ ሲጎተት ሰማሁ፤ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ። አብራር ጮክ ብላ አዛጋች። እኛም አልጋችንን አውጥተን ተጋደምን። ከላይ በጠባቡ ክፍተት የቤቲ መብራት ጣሪያው ላይ ቢጫ መስመር ሠርቷል፤ መጋረጃ የሚሰቀልበት መስኮት ስለሌለ ያመጣችውን ጨርቅ ለአልጋ ልብስ እየሰፋችው ነው።

«ይኸው አለቀ» አለ በየነ። «ፎቁም አለቀ፣ ጠቡም አለቀ። አሁንስ ተኚ።»

«ጠብ አልነበረም» አልኩት።

«እንግዲያው ምን ነበር?»

ከወዲያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ ግንቡ መጣና ነፋጁ ዘንድ ቆመ። ሐጅ ኢሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በየነ» አለ።

«አቤት ሐጅ።»

«ቱስቢሑ አላ ኼር።»

«ወኢንተ ሚን አህሉ፣ ሐጅ። ደህና እደር።»

እኔ የብረቱን መንፋቀቅ ጠበቅኩ። ያ ድምፅ አልመጣም። በሯ ቀስ ብላ ገጠመች፤ መቀርቀሪያውም ለመስማት እንኳ በሚያስቸግር ለስላሳ ድምፅ ተንሸራቶ ገባ። ዘይት ተቀብቷል።